የምንሽሩ ፈተና

ባለፈው ሐምሌ ዙሪክ አጠገብ አድሊስቪል የምትኖር ወዳጄ አዲስ የገባችበትን ቤት ልታሳየኝ ጠራችኝ። አድራሻውን በስልክ ስትነግረኝ ምንም አልጠረጠርኩም። ከባቡሩ ወርጄ የዚልን ወንዝ ዳር ይዤ ስሄድ ግን እግሬ ከእኔ ቀድሞ መንገዱን አወቀው። ቤቱ የድሮው የብረት ሥራ ቤት ነው። የጭስ ማውጫውን አፍርሰው፣ መስኮቱን አስፍተው፣ በየሰገነቱ አበባ ደርድረው ደህና መኖሪያ አድርገውታል። ደረጃውን ስወጣ ፀሐይ ሲመታው የዋለው ግድግዳ አንድ ሽታ ተፋብኝ። ዘይት ነው፤ የጋለ ብረት የገባበት፣ ተቃጥሎ የቀዘቀዘ ዘይት።

“ሙቀት ሲሆን ይሸታል፤ ሦስት ጊዜ ቀለም አስቀባነው፣ እምቢ አለ” አለች ወዳጄ እያፈረች።

እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አመመሽ እንዴ ብላ ውሃ ልታመጣ ሮጠች። አላመመኝም። አሥር ዓመቴ ሆኖ ነው።

አሥር ዓመቴ በነበረበት ዘመን አገር ቤት ደርግ ነበር። አባቴ ታደሰ አዲስ አበባ ሳለ የሠራዊቱን ጠመንጃ የሚጠግን ባለሙያ ነበር። ለሥልጠና ወደ አውሮፓ በተላከበት ጊዜ አገሩ ተገለባበጠና እዚያው ቀረ። እኔና እማዬ ከዓመታት በኋላ ተከተልነው። ሥራ ያገኘው በዚህ በወንዝ ዳር ቤት ነው። እዚህ ብረት በእሳት ያግሉና በዘይት ይነክራሉ፤ የማርሽ ጥርስ፣ የማሽን ዘንግ፣ የመቁረጫ ስለት፣ ከየፋብሪካው የመጣውን ሁሉ። አባዬ ከዘይቱ የወጣው ብረት እንደሚፈለገው መጠጠሩን የሚለካ ሰው ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት የለም። ስለዚህ ረቡዕ ረቡዕ የአባዬን ምሳ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ረቡዕ ጾም ስለሆነ በምሳ ዕቃው ውስጥ ያለው ሁልጊዜ ምስር ነው። ማይስተሩ፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ክዳኑን ከፍቶ እያሸተተ “ዛሬም ረቡዕ ነው ማለት ነው” ይል ነበር። ቀኑን በእኛ ምስር ነበር የሚቆጥረው።

ያንን ቤት ሳስበው ሁልጊዜ ከሰዓት ነው፤ ሁልጊዜም ብርሃኑ በጭሱ ውስጥ ተጋድሞ ነው የሚታየኝ። ምድጃው ሲከፈት ብረቶቹ የበሰለ ብርቱካን መስለው ይወጣሉ። ሽርጥ የለበሱት ሰዎች በረጅም መቆንጠጫ ይዘው ቀስ ብለው ወደ ዘይቱ ሲያወርዷቸው ዘይቱ ያጉረመርማል፤ ጭሱ ወደ ጣሪያው ይወጣና መስኮቱ ጋ ሲደርስ ወርቅ ይሆናል። ማንም አይናገርም። ወንዙ ከግድግዳው ባሻገር ይሄዳል። እኔ የማየው ክርስትና ነበር። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ዘፍቆ ማውጣት ነው፣ ጭሱም አለ፣ ሽማግሎቹም ቆመዋል። ወንድ በአርባ ቀኑ ሴት በሰማንያ ቀኗ እንደምትጠመቅ አውቃለሁና አንድ ቀን አባዬን ጠየቅሁት።

“ይሄኛው ወንድ ነው ሴት?”

አባዬ እስኪያስለው ሳቀ። ለማይስተሩም ተረጎመለት። ማይስተሩ ምንም አልገባውም፤ ግን ጨዋ ሰው ስለሆነ አብሮ ሳቀ።

“ገና አልተጠመቀም፤ ሁለተኛ እሳት ይቀረዋል” አለኝ አባዬ። “ከዘይት እንደወጣ ያለ ብረት ቁጡ ነው። ቀስ ተብሎ እንደገና ካልሞቀ አይረጋም።”

እሺ አልኩ። እሺ የምለው ሲገባኝም ሳይገባኝም ነው፤ ይህ ልማድ ዛሬም አልለቀቀኝም።

የአባዬ ማሽን በጥግ፣ በመስኮቱ ሥር ነበር። ጫፉ ላይ ከዓይን የምታመልጥ አልማዝ አለች። ብረቱን ከሥሯ ያስቀምጥና እጀታውን ሲስበው አልማዟ በክብደት ተጭና ብረቱን ትወጋዋለች። ምን ያህል እንደገባች ደግሞ እንደ ሰዓት ያለው መስታወት ውስጥ ያለችው ቀስት ትናገራለች። ብረቱ ጠጣር ከሆነ አልማዟ ብዙ አትገባም፤ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ይህን አባዬ አስረድቶኛል። የቀረውን እኔ ራሴ ጨመርኩበት። ትምህርት ቤታችን ትልቁ ማርክ ስድስት ነው፤ ትልቅ ቁጥር ያመጣ ጎበዝ ነው። ስለዚህ ብረቶቹ ፈተና ላይ ናቸው። ቁጥራቸው መካከለኛ የሆኑትን አባዬ በግራጫው ሣጥን ይከታቸዋል። አንዳንዴ ቀስቷ በጣም ከፍ ስትል ከንፈሩን ነክሶ ብረቱን ለብቻው ያለው ቀይ ሣጥን ውስጥ ያኖረዋል። ቀይ ሣጥን የሽልማት ሣጥን መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እንዲያውም ከዚያ አንዲት ትንሽ ማርሽ ለምኜ ወስጄ ደብተሬ አጠገብ አስቀምጬ ነበር፤ ጉብዝናዋ እንዲጋባብኝ።

ይህ የረቡዕ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ሌላ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ከኮረብታው በስተጀርባ ተኩስ ይሰማል። የስዊስ ወንድ ሁሉ ወታደር ነው፤ ጠመንጃውን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያኖረዋል፤ ቅዳሜ ይዞት ይወጣና ዒላማ ይመታል። ጎረቤታችን አትክልቱን ውሃ አጠጥቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጠመንጃውን አንግቶ በብስክሌት ሲሄድ እናየዋለን። የመጀመሪያው ጥይት ሲጮህ እማዬ የምትሠራውን ትጥልና የመስኮቱን መጋረጃ ብረት ታወርደዋለች። ቤቱ ይጨልማል። እኔን ከግድግዳው አጠገብ ታስቀምጠኛለች። አባዬ “ቅዳሜ ነው እኮ” ይላታል በቀስታ። “አውቃለሁ” ትላለች፤ ግን አታነሳውም። እኔና እሷ አዲስ አበባ ሳለን ሌሊት የሰማነውን ተኩስ እሱ አልሰማም። ባቡር ውስጥ እንኳ ጠመንጃ የያዘ ምልምል አጠገባችን ከተቀመጠ ዕቃዋን ሰብስባ ወደ ሌላ ፉርጎ ትሄዳለች።

እንግዲህ እንዲህ ወዳለ ቤት ነው አባባ ተሰማ ጠመንጃ ይዘው የመጡት።

አባባ ተሰማ በጃንሆይ ጊዜ ለመንግሥት ሥራ ጄኔቫ ተልከው የመጡ፣ ንጉሡ ሲወርዱ ሳይመለሱ የቀሩ ሽማግሌ ናቸው። ከተማው ዳር፣ ቬርኒየ ውስጥ፣ መጨረሻው በማይታየው ረጅም ሕንፃ፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። ለፋሲካ ስንጠይቃቸው ግድግዳቸው ላይ ከሥዕለ ማርያም በታች የተሰቀለ ጠመንጃ አይቼ አውቃለሁ፤ የአባታቸው ምንሽር ነው፣ ከቤት ዕቃ ጋር ለጌጥ ያመጡት። ቀጥ ብለው ነው የሚቀመጡት። ወንበር ጀርባ ያለው ለእሳቸው አይመስልም ነበር።

አንድ እሁድ ምንሽሩን በጋቢ ጠቅልለው በባቡር አምጥተውት ጠረጴዛችን ላይ አጋደሙት። እማዬ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። አባባ ሻያቸውን ሳይነኩ ጀመሩ።

“ታደሰ፣ ልጄ ዳዊት ሲወለድ በዚህ ጠመንጃ ሰባት ጊዜ ተኩሻለሁ። መንደሩ ወንድ ተወለደ ብሎ እልል አለ። ሲገድሉት ግን እናቱ አፏን በነጠላዋ ይዛ ነው ያነባችው። ለቅሶ መቀመጥ ተከልክሏል አሏት። እሷም በዓመቱ ተከተለችው። እኔ እዚህ ሆኜ በደብዳቤ ሰማሁ።”

“እግዚአብሔር ያጽናዎ፣ አባባ” አለ አባዬ።

“አጽንቶኛል። ይኸው እስከ ዛሬ አላለቀስኩም። እንደ ተወለደ ሰባት ሳይተኮስለት እንባዬን አላወጣም ብዬ ምያለሁ። ዘንድሮ ሙት ዓመቱን አወጣለሁ፤ ያለነውም እንሰበሰባለን። ከቶኔ መንደር ወጣ ብሎ የተኩስ ሜዳ አለ፤ ጠባቂው በእኔ ሕንፃ ነው የሚኖረው፣ ፈቅዶልኛል። የሚስማማውን ጥይት እንኳ ከአንድ ሰብሳቢ ሰው አፈላልጎልኛል።” እጃቸውን ብረቱ ላይ አሳረፉ። “አንተ የብረት ሐኪም ነህ ይሉሃል። እየውና በሰላም ተኩስበት በለኝ።”

“ከተተኮሰበት ስንት ዘመን ሆነው?”

“ከዳዊት ልደት ወዲህ አልተተኮሰበትም። መካከሉ ላይ ቤታችን ተቃጥሎ ነበር። ሰደፉ ከሰለ፣ ብረቱ ግን ከአመድ ወጣ። አንድ ጎበዝ ቀጥቃጭ አግሎ ውሃ አጠጥቶ እንደ አዲስ አደረገልኝ። እሳት ያልበላው ነው!”

አባዬ ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ ከኪሱ የማይጠፋውን ትንሽ ሞረድ አውጥቶ፣ ተጎንብሶ ጠመንጃውን ይፈታታ ጀመር። አፈሙዙ ከኋላ የሚገባበትን፣ ጥይቱ የሚጎርስበትንና ማስጎረሻው ተመላልሶ የሚቆለፍበትን ክፍል አባዬ “ቤቱ” ነው የሚለው። ቤቱን ገልብጦ ከማይታይ ቦታ በሞረዱ ሞከረው። ሞረዱ በመስታወት ላይ እንዳለ ሸተት አለ። ደግሞ ሞከረ። አሁንም ሸተት አለ።

“ለማሽኑ ላሳየው” አለ አባዬ።

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። “አንቺስ ሰብልዬ፣ ማሽኑን ታውቂዋለሽ?”

“አውቀዋለሁ! ኖተ ነው የሚሰጠው” አልኩ። ኖተ ማርክ ነው፤ አማርኛዬ እንዲህ ግማሽ በግማሽ ነበር።

“እንግዲያው የአባቴን ጠመንጃ እንዳትጥዪብኝ” አሉና ከአንገታቸው ሳቁ። ከዳዊት ወዲህ ሲስቁ ያየ ሰው የለም ይባል ስለነበር፣ ያን ሳቅ የራሴ ንብረት አድርጌ ያዝኩት። ምንሽሩ እንዲያልፍ ስለት ተሳልኩ፤ ለማርያም ሁለት ሻማ።

ረቡዕ ምሳውን ይዤ ስደርስ አባዬ ማይስተሩን አስፈቅዶ የጠመንጃውን ቤት ማሽኑ ላይ አስቀምጦታል። ትንፋሼን ያዝኩ። አልማዟ ወረደች። ቀስቷ ትሄዳለች፣ ትሄዳለች፤ ከግራጫው ሣጥን ብረቶች አለፈች፣ የሽልማት ብረቶች ከሚደርሱበትም አለፈች። በሌላ ቦታ ሞከረው፤ እንዲያው ነው። ማይስተሩ መጥቶ አየና ዝቅ አድርጎ አፏጨ። አባዬ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

“ወይ ጉድ” አለ። “ወይ የአባባ ተሰማ ጉድ።”

እንባ መሰለኝ፤ የደስታ። ጠመንጃው ከብረት ሁሉ አንደኛ ወጥቷል! የሽልማቱ ሣጥን እንኳ አልበቃውም፤ አባዬ በጨርቅ ጠቅልሎ የራሱ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ረጅም ናቸው። አባዬ ማታ ማታ ስልኩን ያነሳል፤ ቁጥሩን ሳይጨርስ መልሶ ያስቀምጠዋል። “ንገራቸው እንጂ!” ትለዋለች እማዬ። “ይህ በስልክ አይነገርም፤ ፊት ለፊት ነው” ይላል እሱ። ይሉኝታ ሰውን እንዴት እንደሚያስር ገና አላውቅም ነበር። የምሥራች በአካል ሲነገር ስለሚያምር ነው የሚቆየው ብዬ ነበር የማስበው። ዚል ላይ በረዶው ቀለጠ፣ ወንዙ ሞላ፣ በየግቢው ቢጫ አበባ ወጣ፤ እኔም ምሥጢሬን እንደ ከረሜላ ምላሴ ሥር ይዤ ከቤት ትምህርት ቤት እመላለሳለሁ።

አንድ ቀን የእኛ የልብስ ማጠቢያ ተራ ሆነና አባዬና እማዬ ምድር ቤት አንሶላ ሊያጣጥፉ ወረዱ። ስልኩ ጮኸ።

“ሰብልዬ ነሽ? አባትሽስ?”

“ዋሽኩሂ ናቸው፣ ልብስ ያጥባሉ።”

“እሺ። እንዲያው ስለ ጠመንጃው ያለው ነገር አለ? እኔ አልጠይቀውም፤ አስቸኮሉኝ ይላል።”

ከዚህ በላይ መያዝ አልቻልኩም። “አባባ፣ አለፈ! ከሁሉም አንደኛ ወጣ! እንደሱ ያለ ቁጥር አይቼ አላውቅም!”



“ጠጣር ነው በይኛ።”

“በጣም፣ በጣም ጠጣር!”

“የአባቴ ነገር” አሉ፤ ድምፃቸው ሻከረ። “ተባረኪ፣ ልጄ። ታደሰ ራሱ ሊነግረኝ አስቦ ይሆናል፤ ደስታውን አልነጥቀውም። እኔ እንዳልሰማሁ እሆናለሁ፤ አንቺም ዝም በይ።”

ዝም አልኩ። በዕድሜዬ ምሥጢር በመጠበቅ የተሳካልኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የሙት ዓመቱ ቀን ቅዳሜ ዋለ። አባዬ በሌሊት ተነስቶ ጠመንጃውን ገጣጥሞ በጋቢው መልሶ ጠቀለለው። በዋዜማው ሊሄድ አስቦ ማይስተሩ አልለቀቀውም። ባቡሩ ላይ ከዙሪክ ጀምሮ መስኮቱን እያየ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚለውን እየተለማመደ ነበር። ጣቢያ ላይ ለብቻ ወስዶ ሊነግራቸው ነው። ግን ጄኔቫ ስንወርድ አባባ ብቻቸውን አልነበሩም። ጥቁር የለበሱ ወንዶች፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ከበዋቸዋል። አባባ አባዬን ግንባሩን ስመው እንደ ሙሽራ ከሕዝቡ መካከል አስገቡት። “አባባ፣ አንድ ጊዜ ለብቻዎ...” ሲል “ሁሉም በጊዜው፣ ሁሉም በጊዜው” እያሉ ወደ መኪናው ነዱት።

የተኩስ ሜዳው ከቶኔ አለፍ ብሎ፣ ወይን በተተከለበት ኮረብታ ሥር ነበር። ረጅም የእንጨት ዳስ፣ ከፊቱ ሣር፣ በሣሩ መጨረሻ የነጭ ዒላማዎች ረድፍ። የሰፈሩ ተኳሾች ለምሳ ወጥተዋል። ጠባቂው ለአባባ የሰጣቸው ያችን የምሳ ሰዓት ነው፤ ሰባት ተኩስ ብዙ ደቂቃ አይፈጅም ብሎ። ሰባቱን ጥይት በመሐረብ ላይ ደርድሮ ጠብቋቸዋል። ተኳሾቹ በአንድ ሰዓት ተኩል በአውሮፓ አቆጣጠር ይመለሳሉ፤ ይህ አገር ደግሞ ተኩል ካለ ተኩል ነው።

ከመጡት ሽማግሎች አንዱ ጸሎት አደረሱ። አባባ የዳዊትን ፎቶግራፍ በእኔ አስይዘው ጋቢውን ፈቱ።

“ወገኖቼ” አሉ፤ “ይህ ጠመንጃ በስዊስ ማሽን ተፈትኖ ከብረት ሁሉ ጠጣር ሆኖ ተገኝቷል!”

ሰዉ “እሰይ” አለ። አባዬ ደነገጠ። “ማን ነገረዎት?”

አባባ እየሳቁ ወደ እኔ ጠቆሙ። “ልጅህ ናታ! አትቆጣት፤ እኔ ነኝ ያስወጣኋት።” አንዱን ጥይት አነሱ።

አባዬ እጃቸውን ያዘ። ሽማግሌ እጅ እንደዚያ ሲያዝ አይቼ አላውቅም። “አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። አይተኮስበትም።”

“ምነው?”

“በጣም ጠጣር ስለሆነ።”

ከሰዉ መካከል አንዱ ሳቀ። “ጠጣር ከሆነ ምን ቸገረ? ልል ቢሆን ነበር እንጂ!” አለ። ሌላው “ታደሰ ዘንድሮ ፈሪ ሆነ እንዴ?” አለ። እኔም ገባሁበት፤ አባዬ ተሳስቶ መሰለኝ።

“አባዬ፣ ቁጥሩ ትልቅ ነበርኮ! ከቀዩ ሣጥን ይበልጣል!”

አባዬ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። አልተቆጣም፤ ይልቅ የደከመው ይመስላል። “ሰብልዬ፣ ቀዩ ሣጥን የሚጣለው ነው።”

ከዚያ ቀና ብሎ ለሁሉም ተናገረ። “ጥይቱ ሲነሳ ኃይሉ ወደፊት ብቻ አይደለም፤ ወደ ኋላም ይገፋል። ያንን ግፊት የሚይዘው ይህ ቤቱ ነው። የት እንዳለ እዩት፤ ተኳሹ ጉንጩን የሚያሳርፍበት ዘንድ ነው፣ ከዓይኑ ሥር። ልል ብረት ቢሆን ቀስ በቀስ ይለጠጣል፤ ማስጎረሻው ይላላል፣ ቀለሁ አልወጣም ይላል፣ ባለቤቱም ያውቃል። ደህናው ላዩ ጠጣር ሆኖ ውስጡ ቻይ የሆነ ነው። ይህኛው እንደዚያ ነበር። ቤት ሲቃጠል እሳቱ አለሰለሰው፤ ቀጥቃጩ ደግሞ አግሎ ውሃ ነከረውና በዚያው ተወው፤ ሁለተኛውን እሳት አላገኘም። አሁን እስከ ውስጡ ጠጣር ነው። ምንም ምልክት አይሰጥም፤ ብቻ አንድ ቀን ይፈነዳል። የትኛው ጥይት ላይ እንደሆነ አላውቅም፤ አንደኛው ሊሆን ይችላል።”

“ለሰባት አይበቃም?” አሉ አባባ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆነብኝ።

“የሰው ጠመንጃ ልለምንልዎ?” አለ አባዬ።

“በሰው ጠመንጃ የሰው ልጅ ይለቀስበታል እንጂ የእኔ ልጅ አይለቀስበትም።”

አባዬ ጠባቂውን መዶሻ ለመነው። የጠመንጃውን ቤት ለብቻው አውጥቶ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠው። “ደህና ብረት በአንድ መዶሻ አይሞትም፤ መዶሻው ራሱ ነጥሮ ይመለሳል። ይምቱት። ከጸና ሰባቱንም እኔ እተኩስልዎታለሁ፤ ቢፈነዳም በእኔ ፊት ይሁን።”

እማዬ “ታደሰ!” አለች።

አባባ መዶሻውን ተቀበሉ። የአባታቸው ጠመንጃ ነው፤ ዳዊት የተወለደ ዕለት የጮኸው። ተንበረከኩ፣ አማተቡ፣ መቱት። ድምፁ የብረት አልነበረም፤ የሸክላ ነበር። ቤቱ ሦስት ቦታ ተሰበረ። አንዱ ስባሪ ተንከባልሎ ጫማዬ አጠገብ ቆመ። አነሳሁት፤ የተሰበረበት ፊት እንደ አሞሌ ጨው ግራጫና ፍርፍር ነበር። ስንት ቀን ሳስበው የኖርኩት አንደኛ የወጣው ብረት ይህ ነው። በእኔ አፍ አለፈ የተባለው። አባባ አንዱን ስባሪ አንስተው ጉንጫቸው ላይ፣ ዓይናቸው ሥር አድርገው ለኩት። የት ይገባ እንደነበር ገባቸው።

ማልቀስ ጀመርኩ። “እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያልኩት” እያልኩ።

“ነዪ” አሉኝ፤ ከሲሚንቶው ሳይነሱ። “አንቺ ምን አጠፋሽ? ጠጣር ነው ስትዪኝ እኔ ሽማግሌው እሰይ አልኩ። እዚህ ያለው ሁሉ እሰይ አለ።” እጄን ያዙኝ። ዓይናቸው ደረቅ ነው። “ዳዊት ግን ሳይተኮስለት ቀረ።”

ሰዉ መሬት መሬት ያያል። ማጽናናት የሚችል አልነበረም። ለቅሶ ያለ ለቅሶ ሊበተን ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን መሰብሰብ ጀመሩ፤ አባዬ ስባሪዎቹን በጋቢው ላይ ይለቅማል።

በዚህ መካከል ተኩል ሆነ። ከምሳ የተመለሱት የሰፈሩ ሰዎች ከዳሱ በወዲያኛው ጫፍ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ለማነጣጠር በሆዳቸው ተኝተው ነበር። እኛን አላዩንም፤ ቢያዩንም የማያውቁት ሕዝብ ነን። የመጀመሪያው ጥይት ጮኸ።

ቶሎ እማዬን አየኋት። የምታወርደው መጋረጃ የላትም። እጇ አንድ የሚይዘው ነገር ፈለገ፤ የያዘው የራሷን ነጠላ ነው፤ አፏንም ያዘችበት። ከዚያ ያን ነጠላ ከአፏ ላይ አወረደችው።

“ዳዊት!” ብላ ጮኸች። “ዳዊት፣ ተተኮሰልህ! ወይኔ ልጄ፣ ተተኮሰልህ!”

እማዬ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ሴቶቹ ተቀበሏት፤ ወንዶቹ ደረታቸውን ያዙ። ሁለተኛው ጥይት ጮኸ። አባባ በያዙት እጄ ላይ አውራ ጣቴንና ጠቋሚ ጣቴን ወደ ውስጥ አጠፏቸው፤ አንዱ ላለፈው፣ አንዱ ለአሁኑ። ሦስተኛው ጮኸ፤ መካከለኛው ጣቴን። አራት። አምስት፤ አንዱ እጄ ሞላ። ፎቶግራፉን በብብቴ ይዤ ሌላውን እጄን ዘረጋሁላቸው። ከሣሩ ማዶ ነጭ ዒላማዎቹ ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ የባሩድ ሽታ ከወይኑ ቅጠል ሽታ ጋር ይመጣል። ስድስት። በየጥይቱ መካከል ያለው ጊዜ ረጅም ነበር፤ ሰዎቹ አነጣጥረው ነው የሚተኩሱት። አባባ ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ።

ሰባተኛው ጮኸ። ጣቴን አጠፉልኝና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ከሆዳቸው የወጣ ድምፅ ሰማሁ፤ ግንባራቸውን በታጠፉት እጆቼ ላይ ደፍተው፣ ትከሻቸው እየተነቃነቀ፣ ሰው ሁሉ እያየ አለቀሱ። ስምንተኛው ጥይት ሲጮህ አልሰሙትም።

ማታ በባቡሩ ወደ ዙሪክ ስንመለስ ጠመንጃ የያዘ ምልምል መጥቶ ከፊታችን ተቀመጠ። እማዬ ቦታ አልቀየረችም። አባዬ ብርቱካን ልጦ ሰጠኝ፤ አልተቀበልኩትም፣ ምነው አለኝ። ቤት እስክንደርስ ድረስ ሰባቱን ጣቶቼን አልዘረጋኋቸውም።